ደስታ የተባለው የከብት በሽታ እንዴት ጠፋ



በዚህ ሳምንት በራዲዮ ካሰማናቸው ንግግሮች መካከል ለዚህ ዓምድ የተመረጠው ስለ ከብት በሽታ የሚናገረው ነው። ይህን ርእስ ስታዩ ከእናንተ መካከል፥ «እኔ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ማታ የምወጣ የከተማ ሰው ነኝ፤ በሬን የማውቀው ሥጋ ቤት ተሰቅሎ ነው» የሚል እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ፍርዳችሁን ጥቂት እንድታቆዩልኝ እለምናለሁ። የማወራላችሁ ታሪክ ግማሹ የበሬና የላም፥ ግማሹ ደግሞ የወረቀት ታሪክ ነውና። በጊዜው የተላከና ያልተላከ ደብዳቤ፥ የታየና ሳይታይ የቀረ ሪፖርት በሕዝብ ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ እኔ አላገኘሁም። ዘመኑን በሚመለከት፥ የአገራችንን ነገር ስናገር በአገራችን አቆጣጠር፥ የውጭውን ስናገር ግን እ.ኤ.አ. እያልኩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በ1880 ዓ.ም. ጣልያኖች ምፅዋን ይዘው ሠራዊታቸውን ያበዙበት ጊዜ ነበር። ለወታደሮቻቸው ቀለብ የሚሆን ከብት በመርከብ አስመጡ፤ ከብቶቹ ከህንድ የተጫኑ እንደ ነበሩ ይነገራል። ከከብቶቹ ጋር አብሮ ከመርከብ የወረደውን ግን በመዝገብ የጻፈው ሰው አልነበረም። የታመመው ከብት በመጀመሪያ ይተኩሳል፤ ዓይኑ ያነባል፤ አፍንጫው ይዝረከረካል፤ ድዱና ምላሱ ይቆስላል፤ ከዚያም ብርቱ ተቅማጥ ይይዘዋል። ምልክቱ ከታየበት ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ሕዝባችን ይህን መቅሠፍት «ደስታ» ብሎ ጠራው። ክፉን ነገር በደግ ስም መጥራት በአገራችን የቆየ ልማድ ስለ ሆነ ስሙ የወጣለት በዚሁ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። በትግራይ «ጉልሃይ» ይሉታል።

በሽታው ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው ወጣ፤ ከደጋውም ወደ ሸዋና ወደ ደቡብ ተዛመተ። ከአገሪቱ ከብት ከ10ሩ 9ኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማየት ብቻ ቀረው። በዚያ ላይ ድርቁና አንበጣው ተጨመረና አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረኃብ ወደቀ። ከአገሩ ሕዝብ ሲሶው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር፥ በሬ ባይኖርም በእጅ ቆፍሮ መዝራት እንደሚቻልና ነውርም እንዳልሆነ ለመኳንንቱና ለሕዝቡ አሳይተዋል። በአንድ በሽታ ምክንያት ንጉሥ ዶማ የጨበጠበት ዘመን ነው፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ደስታ በእኛ አገር አልቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ የማሳይን ሕዝብ መንጋ ጨርሶ፥ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አህጉሩ ወደሚያልቅበት ወደ ኬፕ ደረሰ። ከምፅዋ እስከ ኬፕ የፈጀበት አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በሽታው በራሱ እግር አይሄድም፤ ከታመመ ከብት ወደ ጤነኛ ከብት የሚተላለፈው ተቀራርበው ሲውሉ ሲያድሩ ነው፤ ከከብት ሰውነት ውጭ በፀሐይ ላይ ረጅም ጊዜ አይኖርም። እንግዲህ የተጓዘው በከብት ፍጥነት ነው። ወሬ ከከብት ይፈጥናል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ያንን ወሬ የሚሰበስብና ወደ ፊት የሚያስተላልፍ መሥሪያ ቤት አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ ቴሌግራፍም የሽቦ አጥርም ነበረ፤ ሆኖም አጥሩ የተሠራው በሽታው ከደጅ ከደረሰ በኋላ ነው።

አውሮፓውያን ይህን በሽታ ከእኛ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያውቁት ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ሐኪም ላንቺዚ የታመመውን መንጋ መግደልንና የከብት ዝውውርን በሕግ ማገድን መክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እንዲቆም የተፈቀደበትም አንዱ ምክንያት ይኸው የከብት እልቂት ነው። በሽታውን ከአገራቸው ካስወጡ በኋላ ግን ረሱት። እ.ኤ.አ. በ1920 ከህንድ ወደ ብራዚል የሚላኩ ከብቶች በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ ወደብ በኩል ሲያልፉ የአገሩን ከብት በከሉት። አውሮፓ ደነገጠች። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1924 የ28 መንግሥታት ተወካዮች በፓሪስ ተፈራርመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት በሽታዎች ጽሕፈት ቤትን አቋቋሙ።

የዚህን ጽሕፈት ቤት የመቋቋሚያ ደንብ የቢሮ ሰው ቢያነበው ይወደዋል። በሽታው ባልነበረበት አገር የደስታ ወይም የአፍና የእግር በሽታ የመጀመሪያው ምልክት ሲታይ፥ መንግሥት ያንን በቴሌግራም ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያስታውቅ ያዛል። በደብዳቤ አላለም፤ በቴሌግራም አለ። የራስን ጉድ ለጎረቤት ፈጥኖ መንገር ለመንግሥታት ቀላል ነገር አይደለም፤ ነጋዴው ይጮኻል፥ ገበያው ይዘጋል። ሆኖም ከአንትወርፕ በኋላ ሁሉም የገባው፥ ዝምታ ከዚህ የበለጠ እንደሚያስከፍል ነው። በአፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1951 በኬንያ ሙጉጋ በተባለው ስፍራ የአህጉሩን የከብት ወረርሽኝ የሚከታተል ቢሮ ተቋቋመ።

የሳይንሱን ታሪክ በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1902 ኒኮልና አዲል ቤይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በቁስጥንጥንያ የደስታ መንሥኤ ባክቴሪያን የሚይዝ ማጣሪያ የማይዘው ረቂቅ ነገር መሆኑን አስረዱ፤ ይኸውም ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው። ሙጉጋ ላይ ዋልተር ፕላውራይት የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሴል ላይ 90 ጊዜ እያሸጋገረ አላመደውና፥ የማይጎዳ፥ ዋጋው የረከሰ፥ የተከተበውን ከብት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚጠብቅ ክትባት እ.ኤ.አ. በ1960 ግድም ለሥራ አበቃ። ክትባቱ አንድ ድካም ብቻ ነበረበት፤ ሙቀት አይችልም። ይህን ድካሙን አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክትባቱ ከተገኘ በኋላ የአፍሪካ መንግሥታት ተባብረው «የጋራ ፕሮጀክት 15» የተባለውን ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1962 በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ጀመሩ። ዘመቻው ደረጃ በደረጃ እየሰፋ 22 አገሮችን አዳረሰ፤ አገራችንም ነበረችበት። ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት በደብረ ዘይት በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የተተከለው በዚሁ ዘመን ነው። ከብቱ በሚሊዮን ተከተበ፤ በሽታው ከብዙ አገር ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዘመቻው አበቃ ተባለና መኪኖቹ ለሌላ ሥራ ተሰጡ፤ ቡድኖቹም ተበተኑ።

ነገር ግን በሽታው በሁለት ማዕዘን ተደብቆ ነበር፤ አንዱ በማሊና በሞሪታኒያ ድንበር፥ ሁለተኛው በእኛና በሱዳን አካባቢ። በዚያም የሚያየው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተነሣና ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቀለቀ፤ በናይጄሪያ ብቻ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ከብት ፈጀ። እኔ እንደሚመስለኝ የዚያ ዘመቻ ጥፋት መርፌው አልነበረም፤ መርፌው ደህና ነበር። የተከተበውን ቆጥረው ያልተከተበውን አልፈለጉም፤ ሞት ሲቀንስ በሽታው የጠፋ መሰላቸው። የጠራና ያልታየ ነገር በሪፖርት ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ሠንጠረዥ ነው።

ስለ ሪፖርት ካነሣሁ አይቀር የራሴን ልናገር። የራዲዮን ሥራ ከመያዜ በፊት በአንድ ወረዳ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሠርቼ ነበር። አንድ ቀን ከገጠር፥ «ከብት እየሞተብን ነው፤ ሐኪም ይላክልን» የሚል ደብዳቤ መጣ። ቁጥር ሰጠሁት፤ ቀኑን ጻፍሁ፤ ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ መራሁት። ኃላፊው ለስብሰባ ወጥተው ነበር። ደብዳቤው ከሌሎች ደብዳቤዎች በታች 11 ቀን ተኛ። በኋላ ሐኪሙ ሲሄድ ነገሩ አባ ሰንጋ ሆኖ ተገኘ። የሞተውን በሬ ሥጋ የተካፈሉ ሰዎች እጃቸው ላይ ጥቁር ቁስል ወጥቶባቸው ነበር፤ ከነሱም አንዲት እናት ከነልጃቸው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። በእኔ በኩል የተጓደለ አልነበረም፤ ቁጥሩም ቀኑም ትክክል ነበር። ይህ ግን እስከ ዛሬ አያጽናናኝም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለተኛው ዘመቻ፥ የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ዘመቻ፥ ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ትምህርት ተገኝቶ ነበር። በመጀመሪያ፥ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው መሆኑ እንዲመረመር የአፍሪካ የእንስሳት ክትባት ጥራት መቈጣጠሪያ በደብረ ዘይትና በዳካር ተቋቋመ። ሁለተኛ፥ የየአገሩ ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት የደም ምርመራ እንዲያደርጉ ተደረገ፤ ለዚህም በቪየና የሚገኘው ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት መሣሪያና ትምህርት ሰጠ። አንድ ሐኪም ከከብቱ ጆሮ ወይም አንገት ጥቂት ደም ይቀዳል፤ ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚንሳፈፈውን ውኃ መሰል ሴረም ለይቶ በበረዶ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ላቦራቶሪው ከብቱ በሽታውን የሚከላከልበት ኃይል በደሙ ውስጥ መኖሩን በቀለም ለውጥ ያነባል። በአዲስ አበባ፥ በናይሮቢና በባማኮ የተነበበው ቀለም አንድ ዓይነት ትርጉም ሲኖረው ነው አገሮች ሊነጋገሩ የቻሉት።

በአገራችን የነበረው ልማድ መንጋውን ሁሉ በየዓመቱ መከተብ ነበር። የተከተበው ከብት ቁጥር ሲደመር እጅግ ያስደስታል፤ በሽታው ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞቹ ካርታ ዘርግተው እያንዳንዱ ወረርሽኝ ከየት እንደ ተነሣ ወደ ኋላ ሲከተሉ፥ ደጋው ብዙ ጊዜ ተቀባይ እንጂ ምንጭ አለመሆኑን አዩ። በሽታው ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው እንደ አፋር ባሉ ቆላማ የአርብቶ አደር አገሮች ነበር። ክትባት የሚበዛው ደግሞ መንገድ ባለበት በደጋው ነበር። እንግዲህ መኪና የሚደርስበት ቦታ ሲከተብ በሽታው መኪና በማይደርስበት ቦታ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ሙቀት አይችልም ያልኳችሁን ክትባት አሁን አስታውሱ። በረዶ የሌለበት የአፋር በረሃ ለዚያ ክትባት መቃብር ነበር። በዚህ መካከል ያው የፕላውራይት ክትባት በሌላ ዘዴ ደርቆ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ወር ያህል እንዲቆይ ተደረገ። ይህ ከሆነ ዘንድ ክትባቱን የሚሸከም ከመንጋው ጋር የሚጓዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ከመንጋው ጋር የሚጓዘው ደግሞ አርብቶ አደሩ ራሱ ነው። ከአፋሮች መካከል ጎሳቸው የመረጣቸው ሰዎች ጥቂት ሳምንት ተምረው መርፌ ጨበጡ። በመጀመሪያ የተሰማሩት 20 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1994 73,000 ያህል ከብት ከተቡ። ደሙ ሲመረመር ከ100 ከብት 83ቱ ያህል የመከላከያ ኃይል አግኝቶ ተገኘ፤ የተማሩት ቡድኖች ከሚያገኙት የሚያንስ አልነበረም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው መርፌ መስጠት ሥርዓት ማፍረስ ነው ብለው የተከራከሩ ሐኪሞች ነበሩ፤ የክርክራቸውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ውጤቱ ግን ፈረደ። ከኅዳር 1988 ዓ.ም. በኋላ በአፋር የደስታ ወረርሽኝ አልታየም፤ በኢትዮጵያም የመጨረሻው ያ ነበረ።

እነዚህ ሰዎች ከመርፌው ሌላ ዓይንም ሆኑ። አርብቶ አደሩ በሽታን በስም ይለያል፤ የትኛው ላም በየትኛው ክረምት፥ በየትኛው የውኃ ጉድጓድ እንደ ታመመች አይረሳም። ሐኪሞቹ የተዘጋጀ መጠይቅ ከመዘርጋት ይልቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማዳመጥን ተማሩ። ያዳመጡትን ሄደው ያያሉ፤ ያዩትን በላቦራቶሪ ያጣራሉ። የበሽታ ቅኝት የሚባለው ሥራ ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ከሁሉ የሚያስፈራው እርምጃ ነበር፤ ይኸውም ክትባቱን ማቆም። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ቀስ ብለህ እንድታየው እለምንሃለሁ። በደሙ ውስጥ የመከላከያ ኃይል የተገኘበት ከብት ያንን ያገኘው ከክትባት ነው ወይስ ከበሽታው? የዚያን ጊዜው ምርመራ አይለይም። ስለዚህ መከተብ እስካልተቋረጠ ድረስ በሽታው መጥፋቱን ማወቅ አይቻልም። ከብቱን የሚጠብቀው መጋረጃ እውነቱንም ይጋርዳል። መጋረጃውን ግለጥ ማለት ግን በሽታው ተደብቆ ከሆነ ባዶ እጅ መቅረት ነው፤ የ1980ዎቹ እልቂት ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም ነበር። ይህን የፈረሙትን ባለ ሥልጣኖች እኔ አደንቃለሁ። ክትባቱ ሲቆም ጥርሳቸውን ያልጣሉ፥ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ጥጆችና ወይፈኖች ደም ከየአውራጃው ተለቀመ። በአንድ ጥጃ ደም ውስጥ ምልክቱ ቢገኝ ያ ጥጃ በሽታውን አግኝቶታል ማለት ነው። ጥጃው የእውነት ምስክር ሆነ፤ የናቱን ታሪክ ሳይሆን የራሱን ብቻ የሚናገር ምስክር።

በቀጣናችን በመጨረሻ ያስቸገረው በሶማሊያ ደቡብ፥ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያና ከእነርሱ ጋር በሚዋሰነው የአገራችን ቆላ ውስጥ የተጠረጠረው ለዘብ ያለ ዓይነት ነበር። ከብት ብዙ ስለማይገድል አይታይም፤ መንጋውም ሦስቱን ድንበር ያለ ፓስፖርት ይሻገራል። አንዱ አገር ብቻውን ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በኬንያ የሜሩ ብሔራዊ ፓርክ የዱር ጎሾች ታመሙ፤ ደስታ ሆኖ ተገኘ። በዓለም ላይ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው የመጨረሻው እርሱ ነው። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ መሆኗ በፓሪሱ ጽሕፈት ቤት ታወቀላት። ግንቦት 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ያው ጽሕፈት ቤት የዓለም አገሮች ሁሉ ነፃ መሆናቸውን አጸደቀ፤ ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሮም ለዓለም አስታወቀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው እጅ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ቅኝት ለጤና ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ነገር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2000 ይህ በሽታ ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ተነሥቶ ሰውም ከብትም በገደለ ጊዜ፥ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም ከብት አገዱ። መንጋው ጤነኛ የሆነ አርብቶ አደር ጤነኛነቱን የሚመሰክርለት ወረቀት ስላልነበረው በጉን ይዞ ተቀመጠ፤ ከበርበራና ከጅቡቲ ወደብ ጀርባ ያለው ገበያ ሁሉ ተናጋ። ዓለም የሚገዛው በጉን ብቻ አይደለም፤ ስለ በጉ የሚሰጠውንም ምስክርነት ነው።

ዛሬ ደግሞ ትኩረቱ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ወደሚባለው፥ የደስታ የቅርብ ዘመድ ወደ ሆነው ተመልሷል። በአገራችን አለ። ዓለም እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ሊያጠፋው አቅዷል። ፍየል ከከብት ይልቅ ቶሎ ትወልዳለች፥ ቶሎ ትሸጣለች፤ የተከተበው መንጋ በሁለት ዓመት ውስጥ በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ቅኝቱ ከደስታው ጊዜ ይልቅ ፈጣን መሆን ይኖርበታል።

የደስታ ቫይረስ ፈጽሞ ከምድር አልጠፋም፤ በዓለም ላይ ጥቂት የተፈቀደላቸው ላቦራቶሪዎች በብርድ ቆልፈው ይዘውታል። እንግሊዞች በፒርብራይት የነበረውን ክምችታቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 አጥፍተዋል። ከቀሩት ጠባቂዎች አንዱ በቢሾፍቱ የሚገኘው፥ ዛሬ በአፍሪካ ኅብረት ሥር ያለው የክትባት ተቋም ነው። በሽታው እንደገና ቢነሣ የሚለይ ሰው ግን ከማቀዝቀዣ አይወጣም። ከ1988 ዓ.ም. በኋላ የተማረ የእንስሳት ሐኪም በአገራችን ደስታን በዓይኑ ያየው በሥዕል ብቻ ነው፤ ያዩት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ናቸው። ስለዚህ ዛሬም በቆላው፥ ዓይኑ የሚያነባ፥ አፉ የቆሰለና ተቅማጥ የያዘው ከብት በተገኘ ጊዜ፥ ምንም እንኳ ሌላ በሽታ መሆኑ የሚጠረጠር ቢሆን፥ ደሙና ምራቁ ተቀድቶ ወደ ሰበታው ላቦራቶሪ ይላካል፤ «ደስታ አይደለም» የሚለውም መልስ ተጽፎ ቁጥር ተሰጥቶት በፋይል ይቀመጣል።